ክብረ ወሰን ለመስበር ትምህርቴን ላቋርጥ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ዕድሜዬ 21 ነው። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ሲሆን የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በበረዶው ወራት ቅዳሜና እሁድ ተራራ ላይ ስኖውቦርድ (ሁለት እግርን በአንድ ጣውላ ላይ አስሮ በበረዶ ላይ መንሸራተት) አስተምራለሁ። ባለፈው የካቲት ስልኬ በሰዓት 118 ኪሎ ሜትር መዝግቦልኛል። የስኖውቦርድ የዓለም የፍጥነት ክብረ ወሰን 203.275 መሆኑን አንብቤአለሁ። ሁለት ዓመት ትምህርቴን አቁሜ ሙሉ ጊዜዬን ለዚህ ብሰጥ ሙያ ይሆነኛል? ግሪን ካርድ አለኝ፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ወላጆቼ ነገሩን አልሰሙም።»

ወንድማችን፣ መልሳችንን ከመጀመሪያው እንንገርህ። ትምህርትህን አታቋርጥ፤ ሕልምህንም አትተው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚሉህ ይኖራሉ። አንተ ዘንድ ግን ዛፉ አንድ ነው። በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ስኖውቦርድ የአየር ተቃውሞ፣ የንዝረትና የሰበቃ ጉዳይ ነው። እነዚህን ደግሞ አሁን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለህ እየተማርካቸው ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን በትክክል እንያዘው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። 203.275 ፈረንሳዊው ኤድሞን ፕላቭቺክ በ2015 ያስመዘገበው ሲሆን፣ ቦታው በፈረንሳይ አልፕስ ቫርስ የሚገኘው የሻብርየር ትራክ ነው። ከእሱ በፊት አውስትራሊያዊው ዳረን ፓወል በ1999 እዚያው ፈረንሳይ፣ ሌ ዛርክ ላይ 201.907 ሄዷል። ልኬቱ የሚወሰደው የ100 ሜትር ርቀት መግቢያና መውጫ ላይ በተተከሉ የብርሃን ጨረር ሰዓቶች ነው። ፍጥነቱን ወደ ሰዓት መልሰህ ብታሰላው ለፓወል 1.783 ሰከንድ፣ ለፕላቭቺክ 1.771 ሰከንድ ታገኛለህ። በ16 ዓመት ውስጥ የተሻሻለው 12 ሺኛ ሰከንድ ብቻ ነው። አንተ በ1.770 ብታልፍ 203.390 ይጻፍልሃል። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ አውጥተህ ግድግዳህ ላይ ለጥፈው፤ የጓንት እጥፋት፣ የትከሻ ዘንበል፣ ከቦርዱ ሥር የሚቀባው ሰም ምርጫ የሚመዘነው በእሱ ነውና።

የስልክህን 118 መነሻ አድርገህ አትያዘው። ጂፒኤስ የሚያሳይህ የአንዲት ቅጽበት ከፍተኛ ቁጥር ነው፤ ቁልቁል ሲኬድ ደግሞ ቁጥሩ ይዘላል። የ100 ሜትር አማካይ ከዚያ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። በተሽከርካሪ ተጎትተው የሚያስመዘግቡት ቁጥርም ሌላ ምድብ ስለሆነ ከዚህ ጋር አታነጻጽረው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። በዚያው በሻብርየር ትራክ ላይ የበረዶ ሸርተቴው (የስኪው) ፈረንሳዊ ሲሞን ቢሊ በ2023 255.500 ሄዷል። በስኪ 200ን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈው ስቲቭ ማኪኒ ሲሆን በ1978 ቺሊ፣ ፖርቲዮ ላይ ነው። ስኖውቦርድ እዚያ ለመድረስ 21 ዓመት ዘግይቷል። ምክንያቱ የሰው ድፍረት ማነስ አይደለም። የስኪ ተወዳዳሪ ሁለት እግሩን ከፍቶ በሁለት ሀዲድ ላይ እንደሚሄድ ባቡር ይቆማል፤ ደረቱን ጉልበቱ ላይ አጥፎ ፊቱን ወደፊት ያደርጋል። ስኖውቦርደር ግን ሁለቱንም እግሩን ያሰረው ወገቡ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ በሆነ አንድ ጣውላ ላይ ነው። ሰውነቱ በግማሽ ወደ ጎን ስለሚዞር አንዱ ትከሻ ነፋሱን ይቀበላል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ጠርዙ ነው። ቦርዱ ፍጹም ጠፍጣፋ ሆኖ ከሄደ ፍጥነት አለ፣ ነገር ግን ይዋልላል፤ አንደኛው ጠርዝ ሳይታሰብ በረዶውን ከነከሰ በዚያ ፍጥነት መዳኛ የለም። ለደህንነት ብለህ ጠርዙን ትንሽ ከጫንከው ደግሞ ቦርዱ በረዶውን ይፍቃል፣ ፍጥነትህም ይበላል። ክብረ ወሰን ሰባሪው ጎበዝ የሚባለው በእነዚህ ሁለት መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች መቆየት ስለሚችል ነው። ልምምድህ ሁሉ ለእሷ ነው።

ስሌቱን ራስህ ሥራው። የሻብርየር ተዳፋት ከላይ 98 በመቶ ይደርሳል፤ ይህም ወደ 44 ዲግሪ ነው። አየርም ሰበቃም ባይኖር እንኳ በዚያ ተዳፋት ላይ 200 ለመድረስ 8 ሰከንድና 225 ሜትር አካባቢ ይፈጃል። ከዚያ የአየሩን ተቃውሞ ጨምርበት። ተቃውሞው በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከ150 ወደ 203 ስትሄድ ወደ 1.8 እጥፍ ይሆናል። ፍጥነትህን 1 በመቶ ለማሳደግ የአየር ተቃውሞ የሚያገኘውን ስፋትህን 2 በመቶ ያህል መቀነስ አለብህ ማለት ነው። ከፍታውም ይረዳል፤ 2,700 ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ይህን በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት ጥሩ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይወጣዋል። ዩኒቨርሲቲህ የነፋስ ዋሻ (ነፋስ እየተነፋ የአየር ተቃውሞ የሚለካበት ክፍል) ካለው በአማካሪ መምህርህ በኩል ሰዓት ጠይቅ። ለተማሪ ፕሮጀክት ማስፈቀድ ይቻላል፤ ለአቋረጠ ሰው ግን በሩ ዝግ ነው።

ስለ ዕቃው። አሁን የምታስተምርበት ለስላሳ ቡትና ሰፊ ቦርድ ለዚህ አይሆንም። የሚያስፈልግህ የአልፓይን ውድድር ቦርድ፣ ጠንካራ የፕላስቲክ ቡትና የብረት ማሰሪያ ነው። የግዙፍ ስላሎም (በተተከሉ ምልክቶች መካከል እየተጠማዘዙ የሚወርዱበት ውድድር) ቦርዶች ለወንድ ከ175 እስከ 190 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ የፍጥነቱ ከዚያ ይረዝማል፣ የጎኑም ቅስት ቀጥ ወደ ማለት ያደላል። ማሰሪያውን ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ብታዞረው ዳሌህ ወደፊት ይመለሳል፤ የኋላ ጉልበትህም ከፊት እግርህ ባት ጀርባ ይደበቃል። ክብደትህን ወደፊት አኑር። የቦርዱ አፍንጫ ትንሽ ከተነሳ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ሊያነሳህ ይችላል። ልብሱ አየር የማያሳልፍ፣ በልክ የተሰፋ መሆን አለበት፤ በላዩ እጥፋት ካለበት ገንዘብህን አባክነሃል። ሄልሜቱ ከትከሻ ጋር ስለሚገጥም አንገትህን ማዞር አትችልም፤ መስታወቱም በትንፋሽ ይጉማል። ስለዚህ መጀመሪያ በዝቅተኛ ፍጥነት ለብሰኸው ተለማመድ። ሰሙን ሲገዙ የማያስተውሉ ብዙ ናቸው፤ ፍሎሪን ያለበት ሰም ዓለም አቀፉ የስኪና ስኖውቦርድ ፌዴሬሽን ከ2023/24 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከልክሎታል። የድሮ ሰም የነካው ብሩሽ እንኳ ቦርድህን ሊበክለው ይችላል።

የሚሳሳቱበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከመለኪያው በኋላ ነው። ሰው ሰዓቱን አልፎ ሲወጣ ደስ ብሎት ቀና ይላል። በ200 ኪሎ ሜትር ድንገት ቀና ያለ ሰው በነፋሱ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ቦርዱን በጎን አዙሮ ማቆም ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። መቆሚያው ሥርዓት አለው፦ መጀመሪያ እጅ በትንሽ በትንሹ ይከፈታል፣ ቀጥሎ ደረት ቀስ እያለ ይነሳል፣ አየሩ ፍሬን ሆኖ ፍጥነቱን ከሰበረው በኋላ ብቻ ሰፊ ኩርባ ይያዛል። ይህን ቅደም ተከተል በ80፣ በ90፣ በ100 ደጋግመህ ሰውነትህ እስኪለምደው ሥራው።

ብትወድቅስ? የስኪ ማሰሪያ ሲወድቁ ይለቃል፤ የስኖውቦርድ ግን አይለቅም። ቦርዱ በረዶ ከያዘ እግርህን እንደ ማንሻ ይጠመዝዘዋል፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ቀድሞ የሚሄደው በዚህ ነው። በጀርባህ ተንሸራተት፣ ቦርዱን ከበረዶው ከፍ አድርገህ ያዝ፣ ለመቆም አትታገል። የልብሱ ሰበቃ ሙቀት ቆዳ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከሥሩ ስስ ልብስና የጀርባ መከላከያ አይቅር። አደጋ የሚመጣው ከዋናው ትራክ ብቻ አይምሰልህ። በ1992 የአልበርቪል ኦሎምፒክ የፍጥነት ስኪ በማሳያ ስፖርትነት (ሜዳልያው ሳይቆጠር) ሌ ዛርክ ላይ ሲካሄድ ስዊዘርላንዳዊው ኒኮላ ቦሻቴ ሕይወቱ ያለፈው በፍጻሜው ቀን ጠዋት ሰውነቱን ሲያሟሙቅ፣ ከውድድር ትራኩ ውጭ፣ ከበረዶ መደልደያ መኪና ጋር ተጋጭቶ ነው።

ስለዚህ አሁን በምታስተምርበት ተራራ በሕዝብ መንገድ ላይ 118 መሞከርህን ዛሬውኑ አቁም። የኮሎራዶ የስኪ ደህንነት ሕግ ማንኛውም ሰው ፍጥነቱን እንዲቆጣጠር ያስገድዳል፤ ግጭት ቢፈጠርም ቀዳሚው ኃላፊነት ከላይ የሚመጣው ሰው ነው። አንድ ሕፃን ብትገጭ ቲኬትህን መነጠቅ ትንሹ ጉዳት ይሆናል። ፍጥነት የሚለማመዱት በተዘጋና በተከለለ መንገድ፣ ጠዋት በረዶው ገና ጠንካራ ሳለ፣ ከአሰልጣኝ ጋር ነው። ባንድ ጊዜ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ አትጨምር፤ በያዝከው ፍጥነት ቢያንስ 10 ንጹህ ሩጫ ሳታደርግ መነሻህን ወደ ላይ አታውጣ።

ሙያ ይሆነኛል ላልከው፣ በቀጥታ አይሆንም። የፍጥነት ስኖውቦርድ በኦሎምፒክ የለም፣ ደመወዝም የለውም፤ ሙከራውን የሚከፍለው ሞካሪውና ያገኘው ድጋፍ ሰጪ ነው። የኢትዮጵያን ባንዲራ ለብሰህ መወዳደር ካሰብክ መንገዱ ሌላ ነው። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖና በ2010 ቫንኩቨር በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ላንተ የሚቀርበው ፓራለል (ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን የሚወርዱበት) ግዙፍ ስላሎም ነው፤ ከ2002 ጀምሮ በኦሎምፒክ አለ፣ የሚሠራውም በዚያው ጠንካራ ቡትና የአልፓይን ቦርድ ነው። ሁለት ዓመት እሱን ብትሠራ ለፍጥነቱ የሚያስፈልግህን የጠርዝ ቁጥጥር ታገኛለህ፣ ነጥብም ትሰበስባለህ። እኛ ከዚያ እንድትጀምር አጥብቀን እንመክርሃለን።

እንጀራውን ግን ከዚሁ ዙሪያ ማግኘት ትችላለህ። የአስተማሪነት ፈቃድህን ከደረጃ 1 ወደ 2 አሳድግ፤ ለወደፊቱ ወቅታዊ ሥራ ዋስትና ነው። ኮሎራዶ ማውንቴን ኮሌጅ ሌድቪል ላይ የስኪ ጣቢያ አሠራር ያስተምራል፤ ከዲግሪህ በኋላ ወደ ተራራ አስተዳደር ማዘንበል ብትፈልግ አስበው። ላንተ ግን ይበልጥ የሚያዋጣው ዲዛይን ነው። ዴንቨር ውስጥ ኔቨር ሰመር፣ በዚያው በኮሎራዶ ደግሞ የአልፓይን ውድድር ቦርድ የሚሠራው ዶኔክ አሉ። የፋይበር ድርብርብ፣ የእንጨት ልብ፣ የንዝረት ማርገቢያ ጎማ በእጁ የነካ ተማሪ ሲመረቅ ተፈላጊ ነው። ለበጋው ልምምድ በጥርና በየካቲት ጻፍላቸው፤ ከሲቪህ ጋር የሠራኸውን ስሌት አያይዝ።

ትምህርቱን በተመለከተ ገንዘቡን አስላ። የፌዴራል ብድር ካለህና ከግማሽ የትምህርት ጭነት በታች ከወረድክ የ6 ወር እፎይታህ መቁጠር ይጀምራል፣ ከዚያ ክፍያው ይመጣል። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ብትወጣ ከተሰጠህ እርዳታ ከፊሉ ተመላሽ ይሆናል። ለአንድ የጸደይ ሴሚስተር ጊዜ ካስፈለገህ ሳይጀመር በፊት ወደ ሬጅስትራር ሄደህ በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቅ፤ ዝም ብሎ መቅረት ውጤትህን ያበላሻል። የተሻለው ግን ከባድ ኮርሶችን በመስከረም ሴሚስተር ጨርሶ በጥር ቀለል ያለ ጭነት መያዝ ነው።

ቫርስ መሄድ የምታስበው ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ ነው። የፍጥነት ሙከራዎቹ የሚካሄዱት በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ነው፤ በዚያን ወቅት ሌሊት የሚጠጥረው በረዶ ለማለዳ ሩጫ ይመቻል። ነፋስ ካለ ይሰረዛል፤ ስለዚህ የሁለት ቀን ሳይሆን የ10 ቀን ቆይታ አቅድ። ለጣቢያው ስትጽፍ ስኖውቦርድ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ጀማሪ ከትራኩ ታች መነሳት ይችል እንደሆነ፣ ምን ዓይነት የሕክምና ወረቀት እንደሚጠይቁ በግልጽ ጠይቅ። ግሪን ካርድህ የሼንገን ቪዛ አያስቀርልህም። ማመልከቻው ከጉዞ 6 ወር አስቀድሞ ይከፈታል፣ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ መድንም ይጠይቃል። የመድኑን ጽሑፍ ቃል በቃል አንብብ፤ ብዙዎቹ የፍጥነት ሙከራንና ውድድርን በአንድ መስመር ከሽፋኑ ያስወጣሉ፣ ያኔ ሌላ ተጨማሪ መግዛት ግድ ነው።

ወላጆችህን በተመለከተ አንድ ነገር እንጠይቅሃለን። አሜሪካ ውስጥ እስከ 26 ዓመትህ በወላጅ የጤና መድን መቆየት ትችላለህ፤ በእነሱ መድን ሥር ከሆንክ ከአንዲት ውድቀት በኋላ ነገሩን ከሆስፒታል ደብዳቤ ይሰሙታል። ከዚያ በፊት ካንተ ይስሙት። እናትህን ቁጭ አድርገህ የ10 ኪሎ ሜትሩን ደንብ፣ የመቆሚያውን ሥርዓት፣ የትምህርት ዕቅድህን አስረዳት። ከዚያ ወደ ማንኛውም የፍጥነት ትራክ ከመሄድህ በፊት ራስህን ብትስት ስለ አንተ የሚወስን ሰው የሚሰይም የሕክምና ውክልና ፈርም። አንዱን ቅጂ ለእሷ፣ ሁለተኛውን ለአሰልጣኝህ ስጥ፤ የደም ዓይነትህንና የመድን ቁጥርህን በጀርባው ጻፍበት።