መቃኞውን ለአገልግሎት ማዕከል ማዋል፦ ጣሪያውን ከመንካታችሁ በፊት

«ታቦቱ ወደ አዲሱ ሕንፃ ከገባ በኋላ ባዶውን የቀረውን መቃኞ (ሕንፃው እስኪሠራ ታቦቱ ለጊዜው የቆየበትን ቤት) ለልብስ ስፌት ማሠልጠኛ፣ ለአረጋውያን መዋያና ለቅሬ (በወሎ እንደ ዕድር ላለው የመረዳጃ ማኅበር) መሰብሰቢያ ለማዋል ከየት እንጀምር?» ብለው ከሐይቅ የጠየቁት ወንድማችን፣ እኛ ይህንኑ ሥራ በደቡብ ወሎ በምትገኝ ትንሽ ከተማችን ከዳር አድርሰነዋልና ያየነውን ልንገርዎ። ገንዘብ ስለማሰባሰብ አልጽፍም፤ የወሎ ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ ከተጠየቀ ወደኋላ አይልም።

አንደኛ፣ የሰበካ ጉባኤው ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ በወረዳው ቤተ ክህነት በኩል ወደ ሀገረ ስብከቱ ይድረስና መልሱ በደብዳቤ ይምጣላችሁ። በእኛ ዘንድ ይህ ብዙም አላስቸገረም። የደብሩ አባቶች የጠየቁት መንበሩ ቆሞበት የነበረው ቦታ እንዳይረገጥ ብቻ ነበር፤ እኛም በአጭር የእንጨት አጥር ለይተን ባዶውን ተውነው። በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ያን ያህል ቦታ መተው መጀመሪያ ቅር እንዳሰኘኝ አልደብቅም።

ሁለተኛ፣ የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድም በእጃችሁ ሳይገባ ጣሪያውን አትንኩ። እኛን ያቃጠለን ይህ ነው። ሚያዝያ ላይ የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ሲደርሰን ነገሩ ሁሉ ያለቀ መሰለንና፣ ግንቦት እንደገባ ያረጀውን ቆርቆሮ አውርደን ምስጥ የበላውን ወራጅ መለወጥ ጀመርን። በአራተኛው ቀን ከማዘጋጃ ቤቱ ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሥራውን አስቆሙት። በይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ ቦታው ለአምልኮ ተብሎ ስለተመዘገበ፣ አስቀድመን የአገልግሎት ለውጥ መጠየቅ ነበረብን። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበትን ሕንፃ፣ ባለ አንድ ወለል ቢሆንም፣ በምድብ «ሐ»፣ ማለትም ፕላኑን ባለሙያ ሊነድፈው በሚገባው ምድብ፣ ስለሚመድበው፣ የመንደር አናጺ በደብተር ወረቀት የነደፈልን ፕላን ዋጋ አልነበረውም። በሕጉ ቅሬታ የለኝም፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የሚገባበት መግቢያ እንዲኖር ማዘዙ ኋላ ለአረጋውያኑ በጅቷቸዋል።

ቅሬታዬ በአስተናጋጁ ነው። ፋይላችንን የያዘው የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ አንድ ገጽ እንኳ ሳይገልጥ «ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ጸልዩበት፤ ማዕከል ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ» አለን። ከዚያ በኋላ ለሰባት ሳምንት «ነገ ተመለሱ» ስንባል ከረምን። አብረውኝ ይመላለሱ የነበሩትን አዛውንት መሪጌታ አንድ ቀን ወንበር ሳይጋብዛቸው ከበሩ ላይ አቁሟቸው ዋለ፤ እሳቸው ረስተውለታል፣ እኔ አልረሳሁለትም።

በዚህ መካከል ሐምሌ ገባ። ሸራ ገዝተን ቤቱን ብንሸፍነውም ነፋሱ በሁለተኛው ሌሊት ቀደደው። የእናንተም መቃኞ እንደ እኛው የእንጨትና የጭቃ መሆኑን አልጠራጠርምና፣ በጭድ ተቦክቶ የተመረገ ግድግዳ ከላይ ውኃ ሲገባበት የሚሆነውን ያውቁታል፦ ምርጉ ከማገሩ እየለቀቀ ወረደ፣ በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳም ከነቋሚው አዘነበለ። ለአዲስ ቆርቆሮና ለስፌት መኪና የያዝነው ብር በሙሉ ለግድግዳ ሆነ። ግንቦት ላይ እጃችንን ሰብስበን ብንቀመጥ ኖሮ አሮጌው ቆርቆሮ ክረምቱን በደህና ያሻግረን ነበር።

ጉዳዩን የፈቱት የቅሬያችን ዳኛ፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ ናቸው። ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው፤ ፋይሉን ይዘው ከሠራተኛው አለቃ ዘንድ ገቡና «ይህ ቤት የእኔም ልጆች የሚሠለጥኑበት ነው» ብለው ተናገሩ። መስከረም ላይ ፈቃዱ ወጣ፤ የወደቀውንም ግድግዳ የቅሬው አባላት በሦስት ቅዳሜ መልሰው አቆሙት። ያን ሥራ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሌላው የበሩ ነገር ነው። ወደ መቃኞው የሚያስገባው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ማለፍ ብቻ ስለነበር፣ ሙስሊም እናቶች ሥልጠናውን እየፈለጉ ለመምጣት ይሳቀቁ ነበር። ስለዚህ በመንገዱ በኩል ሌላ በር ለመክፈት አሰብን። ከመጀመሪያዎቹ 16 ሠልጣኞች ዘጠኙ የገቡት በዚያ በር ነው። በሩን ለመክፈት ግን ከአጥሩ አንዲት ድንጋይ ሳናነሣ ማመልከቻ ይዘን ሄድን፤ ያው ሠራተኛ አነበበውና «ለበር ደግሞ ማን ፈቃድ ይጠይቃል?» አለን።