የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመኪና ሞተር በአሮጌ ፈርጉሰን ትራክተር ላይ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1953 የተሠራ ፈርጉሰን ቲኢ20 ትራክተር አለኝ፤ የሞተሩ ብሎክ ተሰንጥቋል። ከተጋጨ መኪና የወጣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2 ሊትር፣ 130 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር አግኝቻለሁ። ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝ ፕሌት አስቆርጬ ብገጥመው ይሠራልኛል?

መልስ፦ ይሠራል፤ 130 ፈረሱን ግን አይጠብቁ። ያ ቁጥር የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 6000 ዙር አካባቢ ሲዞር ነው፤ ትራክተርዎ የሚሠራው ከ1500 እስከ 2000 ባለው ዙር ነው። ቶርኩን (የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል) በኒውተን ሜትር ይውሰዱና በዙሩ አባዝተው ለ9549 ያካፍሉት፤ ኪሎዋቱ ይወጣል። ሞተሩ በ1500 ዙር 140 ኒውተን ሜትር ቢሰጥ 22 ኪሎዋት፣ ማለትም 30 ፈረስ ገደማ ነው። የፋብሪካው ባለ 2088 ሲሲ ሞተርም በ2000 ዙር 28 ፈረስ ገደማ ነበረው። ዙሩን ወደ 4000 ልውሰደው ካሉ፣ በ1500 ዙር 540 አካባቢ የሚዞረው ፒቲኦ (ማጨጃና መሰል መሣሪያ የሚያዞረው የኋላ ዘንግ) ከ1400 ያልፋል፤ ለ540 የተሠራ ማጨጃ ይህን አይችልም። በ4ኛ ማርሽም በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ፍሬኑ ደግሞ ያለው የኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ፕሌቱ አይደለም። ቲኢ20 ሻሲ የለውም፤ ሻሲው ራሱ ሞተሩ ነው። ከኋላ በካምቢዮው፣ ከፊት በአክስሉ መያዣ ታስሮ የትራክተሩን ወገብ የሚሸከመው ብሎኩ ነው። በጎሚኒ ተንጠልጥሎ እንዲሠራ የታሰበን ሞተር፣ ያውም ኮፓው (ከሥሩ ያለው የዘይት መያዣ) ስስ ላሜራ ከሆነ፣ እዚያ ቦታ ብቻውን ካስገቡት በመጀመሪያው ጉድጓድ ብሎኩ ወይም የካምቢዮው ጆሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከካምቢዮው ጎንና ጎን ተነስተው የፊት አክስሉን የሚይዙ ሁለት ወፍራም የቻናል ብረቶች ያሠሩ፤ መሐላቸውንም በማገናኛ ብረት ይሰሩት። ከዚያ ሞተሩን ሳያስገቡ ትራክተሩን በጎማው ያቁሙት። ወገቡ ካልጎበጠ ሸክሙን ሻሲው ይዞታል ማለት ነው። ሞተሩ ከኋላ ለካምቢዮው በቡሎን ጥብቅ ብሎ ይታሰር፣ ከፊት በጎሚኒ ይረፍ።

ለፕሌቱ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይበቃል። ልኩ በዓይን አይያዝም፦ ዳያል ጌጁን (ባለ መርፌ መለኪያውን) ቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ አስረው ኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) በእጅ እያዞሩ የካምቢዮውን መገናኛ ክብ ውስጡን ይለኩ። መርፌው በሙሉ ዙር ከ0.13 ሚሊሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ መሐል ለመሐል እስኪገጥም ፕሌቱን ያስጠጉት። ይህን ችላ ያለ ሰው የፍሪሲዮኑ ዲስክ መሐሉ ሲበጣጠስና ማርሽ ሲተፋበት ጥፋቱን በካምቢዮው ያሳብባል። ፕሌቱ ሞተሩን ወደፊት ስለሚገፋው የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ ከኮሎው ኩሽኔታ ሊወጣ ይችላል፤ ረዘም ያለ የነሐስ ቡሽ በቶርኖ ያስወጡለት። የፍሪሲዮን ዲስኩ ዙሪያው የመኪናው፣ መሐሉ የትራክተሩ ጥርስ ያለው እንዲሆን ይሠራል።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ፈርጉሰን የሚነሳው የማርሽ ዘንጉን ወደ ማስነሻው ቦታ በመግፋት ነው፤ ስለዚህ ማርሽ ውስጥ እያለ አይነሳም። በቁልፍ ከቀየሩት ይህ ጥበቃ ይቀራል፤ ባዶ ማርሽ ላይ ብቻ የሚያስነሳ ስዊች ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ ሞተሩን ቀይሬያለሁ። ማረሻው ሲከብደው ይሞታል፣ ማረሻውን ሳነሳ ደግሞ ይጮኻል። ካርቦራተሩን ደጋግሜ አስተካከልኩት።

መልስ፦ ካርቦራተሩን ይተዉት፤ የጎደለዎት ገቨርነር፣ ማለትም ሸክሙ ሲለዋወጥ ዙሩን በራሱ የሚጠብቅ መሣሪያ ነው። መኪና ላይ ነዳጁን የሚያመጣጥነው የሾፌሩ እግር ነው፣ ትራክተር ላይ ግን እግር አይደርስም። በቺንጋ የሚዞር ባለ ክብደት ገቨርነር ከካርቦራተሩ ክንፍ ጋር ያገናኙ። ስፕሪንጉ ክንፉን ይከፍታል፣ ክብደቶቹ ይዘጉታል። ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ ከዋለለ መጀመሪያ የማገናኛ ዘንጎቹን ልልነትና መጣበቅ ይፈትሹ፤ ካልተስተካከለ ስፕሪንጉ የተሰካበትን ቀዳዳ ከክንዱ መዞሪያ ያርቁት። ያለ ሸክም ከ2000 እስከ 2200 ዙር ላይ ያቁሙት። ቺንጋው ከተበጠሰ ግን ስፕሪንጉ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይከፍተዋል፤ በዚህ ምክንያት ከ2500 ዙር በላይ የካንዴላውን እሳት የሚቆርጥ መሣሪያ የግድ ነው።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ አይሞቅም፤ ቆሞ በፒቲኦ ሲሠራ ግን ውሃው ይፈላል። ለምን?

መልስ፦ የመኪና ራዲያተር በሩጫው ንፋስ ይረዳል፣ ቆሞ የሚሠራ ትራክተር ያ የለውም። ከፍ ያለ ራዲያተር፣ በሞተሩ የሚዞር ፋንና ዙሪያውን የሚሸፍን ላሜራ ያስፈልጋል። የፋኑ ምላጭ ግማሽ ውፍረት ላሜራው ውስጥ ይግባ። ከፊት ገለባ የሚያስቀር ወንፊት ያድርጉለት፤ በአዝመራ ሰሞን በየዕለቱ ያራግፉት።