ከቤንዚን ወደ ሶላር ፓምፕ ለመዞር፦ ከፓኔሉ በፊት ጉድጓዱን ለካ

የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። መቂ አካባቢ 2 ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት አለው። በእጅ የተቆፈረው ጉድጓድ 14 ሜትር ጥልቀትና 1.5 ሜትር ስፋት አለው፤ በበጋ ውሃው 9 ሜትር ላይ ይቆማል። ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፑን ጉድጓዱ ውስጥ 6 ሜትር ላይ እርከን ሠርቶ አስቀምጦታል። ሞተሩ 15 ደቂቃ ያህል ይስብና ውሃው «ያልቅበታል»፤ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጠብቃል፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ሻጭ 6 ፓኔል፣ ባለ 1.5 ፈረስ ጉልበት ፓምፕና 4 ባትሪ አቅርቦለታል። «ፓኔሉ ይበቃል ወይ? ባትሪው ግድ ነው? የቤንዚን ሞተሩን ልሽጠው?» ይላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ሶላሩ እስኪገባ ድረስ እንኳ ያንን ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አታስነሳ። የቤንዚን ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ነፋስ በማያገኘው ጉድጓድ ውስጥ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለሰዓታት ይቆያል። ለማጥፋት ወይም ቱቦ ለማስተካከል የወረደ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ እሱን ላወጣ ብሎ ተከትሎ የሚገባውም እዚያው ይቀራል። እስከዚያው ግድ ከሆነ፣ ጄኔሬተሩ ከጉድጓዱ ውጪ ሜዳ ላይ ሆኖ ሰርጓጅ ፓምፕ (ውሃ ውስጥ ሰጥሞ የሚሠራ) ብቻ በገመድ የሚወርድበትን ተከራይ።

አሁን ወደ ጥያቄው። ሁላችንም ቶሎ ብለን የምንጠይቀው «ስንት ፓኔል?» ብለን ነው፤ ግን ፓኔሉ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ቁጥር ነው። ቀድሞ የሚለካው ጉድጓዱ በቀን የሚሰጠው ውሃ ነው፤ ያንተ ጥያቄ ደግሞ መልሱን ግማሽ ያህል ይዞታል።

መጀመሪያ «ውሃው አለቀ» የምትለውን እንየው። ላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ ውሃውን ከታች የሚገፋለት የአየር ግፊት ነው። መቂና ባቱ አካባቢ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይሳሳል፤ በስሌት 8.5 ሜትር፣ በተግባር ግን 6 ሜትር ያህል ነው የሚስበው። ሞተርህ 6 ሜትር ላይ ተቀምጦ ውሃው 12 ሜትር ሲደርስ መሳብ አቃተው እንጂ ጉድጓዱ አልደረቀም። ከ12 እስከ 14 ሜትር ያለው ውሃ ነክቶትም አያውቅም። ሰርጓጅ ፓምፕ ከታች ሆኖ ወደ ላይ የሚገፋ ስለሆነ ይህ ገደብ የለበትም።

ከ9 እስከ 12 ሜትር ያለው የ3 ሜትር ውሃ በ1.5 ሜትር ስፋት ሲሰላ 5.3 ሜትር ኩብ ነው። ይህን በቀን አምስት ጊዜ ካወጣህ 26 ሜትር ኩብ ታገኛለህ። እንግዲህ ጉድጓድህ በቀን የሚሰጥህ ይህን ገደማ ነው፤ ምንም ያህል ፓኔል ብትደረድር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ግን በግምት አትግዛ፤ ለካው። ሚያዝያ ላይ፣ ውሃው በጣም በወረደበት ሰሞን ብታደርገው ይሻላል። ገመድ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ አስርና ጫፉ ላይ ክብደት አንጠልጥል። በተከራየኸው ሰርጓጅ ውሃውን 12 ሜትር ድረስ አውርደህ አጥፋና በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ስንት ሳንቲ ሜትር እንደተነሣ መዝግብ። 33 ሳንቲ ሜትር ከተነሣ 0.58 ሜትር ኩብ ነው፤ በሰዓት 3.5 ሜትር ኩብ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚፈለጉበት ምክንያት ውሃው ከፍ እያለ ሲሄድ ምንጩ የሚገባበት ፍጥነት ስለሚቀንስ ነው።

ለአንተ ጉድጓድ የሶላሩ ትልቁ ጥቅም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተሩ በ15 ደቂቃ ጨርሶት ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀመጣል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውሃው ከፍ እያለ ምንጩ ይዳከማል። ሶላር ፓምፕ ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ቀስ እያለ ሲስብ ውሃውን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ምንጩም በሙሉ ኃይሉ ይገባል። በሰዓት 3.5 ሜትር ኩብ ከሆነ በ7 ሰዓት 24.5፣ ሌሊት የተጠራቀመው 5 ሲጨመር ወደ 30 ሜትር ኩብ ይጠጋል። ያው ጉድጓድ፣ ያለ ተጨማሪ ቁፋሮ።

ሽንኩርቱስ ስንት ይፈልጋል? በበጋ፣ ኮረቱ በሚያብጥበት ጊዜ፣ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ያዝ። ለግማሽ ሄክታር 25 ሜትር ኩብ ማለት ነው። በቦይ የምታጠጣ ከሆነ ከሚፈሰው ውሃ 60 በመቶ ገደማው ብቻ ሥሩ ጋ ስለሚደርስ 42 ሜትር ኩብ ማውጣት ይኖርብሃል፤ ጉድጓድህ ይህን አይሰጥም። በጠብታ መስኖ ግን 28 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ ይሄ ደግሞ ከ30ው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሻጩ ለባትሪ የጠየቀህን ገንዘብ በሙሉ ወደ ጠብታ መስመርና ወደ ሮቶ አዙረው። ይህን ስል በደንብ አስቤበት ነው፤ በቦይ እያጠጣህ ሶላር ብታስገባ ከሁለት ጥማዱ ሲሶ ያህሉ ይጠማል፤ ጥፋቱም በሶላሩ ይመካኛል።

ባትሪ አያስፈልግህም። ፀሐይ ሲኖር ውሃውን አውጥተህ ማስቀመጥ ኤሌክትሪኩን ከማስቀመጥ በጣም ይረክሳል፤ ሮቶው ራሱ ባትሪህ ነው። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 5 ቶን እንደሚመዝን አትርሳ። የባሕር ዛፍ ቆጥ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ብዙ አይቆይም፤ እንጨቱ ሲበሰብስ ይዘምማል። በድንጋይና በሲሚንቶ ዙሪያውን አሠርተህ ውስጡን በአፈር ጠቅጥቅ፤ 2 ሜትር ከፍታ ለዝቅተኛ ግፊት ጠብታ ይበቃል። የጠብታ መስመሮቹ ርዝመት ከ30 ሜትር በታች ይሁን፤ ካለዚያ ጫፍ ላይ ያለው ሽንኩርት ይጠማል። ከሮቶው መውጫ ላይ ማጣሪያ ካልገባ አሸዋው ቀዳዳዎቹን በጥቂት ሳምንት ይደፍናቸዋል።

አሁን ፓኔሉን እናስላ። ፓምፑ የሚገፋበት ከፍታ፦ በሚስብበት ጊዜ ውሃው 12 ሜትር ላይ ነው፣ ሮቶው 2 ሜትር ከፍ ይላል፣ ለቱቦው ፍትጊያ 2 ሜትር እንያዝ፤ 16 ሜትር። 28 ሜትር ኩብ ሲባዛ በ16 ሲባዛ በ2.725 (አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ሜትር ለማንሣት የሚፈጀው ዋት ሰዓት)፣ 1,220 ዋት ሰዓት ነው። ፓምፑና ሞተሩ አንድ ላይ 40 በመቶ ገደማ ስለሚሠሩ ለ0.4 ስናካፍለው 3,050 ዋት ሰዓት ይሆናል። በበጋ በቀን 5.5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያዝና በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ ለሚጠፋው ሩቡን ቀንስ፤ 4.1 ሰዓት ገደማ ይቀራል፤ 3,050ን ለዚያ ስናካፍለው 740 ዋት ይመጣል። ሁለት ባለ 450 ዋት ፓኔል በስሌት ይበቃል። እኔ ሦስት እላለሁ፤ ምክንያቱም በስምጥ ሸለቆው አቧራና ጭጋግ ሦስተኛው ፓኔል ፓምፑን ጠዋት ቀደም ብሎ ያስነሣዋል። ፓምፑ 750 ዋት ዲሲ (ፓኔሉ በቀጥታ በሚሰጠው ኤሌክትሪክ የሚሠራ) ሆኖ፣ በ16 ሜትር ከፍታ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ሜትር ኩብ የሚሰጥ ይሁን። ይህን ከካርቶኑ ላይ ሳይሆን ከፓምፑ ሰንጠረዥ ላይ አይተህ አረጋግጥ፤ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ከፍታው ዜሮ ሲሆን ያለው ነው። 1.5 ፈረስ ጉልበቱና 6 ፓኔሉ አንተን አይመለከትም፤ ጉድጓዱን ባዶ እያደረገ ቀኑን ሙሉ ሲበራና ሲጠፋ ይውላል።

ጉድጓድህ አሸዋ የሚያወጣ ከሆነ ብሎን መሰል ጠመዝማዛ ያለውን የፓምፕ ዓይነት ተው። በደካማ ፀሐይም ውሃ ስለሚሰጥ ሻጮች ይወዱታል፤ እውነትም ጥሩ ነው፤ ግን ጠመዝማዛው የሚሽከረከርበትን ጎማ አሸዋ ይፍቀዋል። የማይዝግ ብረት ቅጠል ያለው ሴንትሪፉጋል (ቅጠሉ እየዞረ ውሃውን የሚገፋ) ይሻልሃል።

ብዙ ኮንትሮለር (በፓኔሉና በፓምፑ መካከል ሆኖ ኃይሉን የሚቆጣጠረው ሣጥን) የሚቃጠልበትን አንድ ነገር በጥንቃቄ አንብብ። ፓኔሉ ጀርባ ላይ ባለው ወረቀት «ቪኦሲ» የሚለው ቁጥር ምንም ሳይጫንበት የሚሰጠው ቮልቴጅ ነው፤ ለባለ 450 ዋት 49.5 ቮልት ገደማ ነው እንበል። ሦስቱን በሲሪየስ (አንዱን ከአንዱ በተከታታይ) ስታገናኛቸው 148.5 ይሆናል። ኮንትሮለሩ ላይ «ከፍተኛው 150 ቮልት» ተጽፎ ከሆነ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ያ ቁጥር የተለካው በ25 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። ታኅሣሥ ላይ ማለዳ 10 ዲግሪ ሲሆን ወደ 155 ይወጣል፤ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል ኮንትሮለሩ ይቃጠላል። ባለቤቱም «ትናንት ደህና ነበር» ይላል። የፓኔሎቹን ቪኦሲ ድምር በ1.1 አባዛው፤ ያንተ 163 ይመጣል፤ ኮንትሮለሩ ከዚያ በላይ የሚችል መሆን አለበት።

ሦስቱን ፓራለል (ጎን ለጎን) ላገናኝ የሚል ባለሙያ ካለ ደግሞ ሽቦውን ያስላልህ። በፓራለል 41 ቮልትና 33 አምፔር ነው፤ 30 ሜትር ርቀት ላይ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 14 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው፤ ሽቦውም ይግላል። በሲሪየስ 11 አምፔር ብቻ ስለሆነ በ6 ካሬ ሽቦ የሚጠፋው 2 ቮልት ገደማ ነው።

ቱቦም እንደዚያው ነው። ከጉድጓዱ እስከ ሮቶው 50 ሜትር ቢሆንና በሰዓት 6 ሜትር ኩብ ቢያልፍ፣ ባለ 32 ሚሊ ሜትር ቱቦ 15 ሜትር ከፍታ እንደመጨመር ነው፤ ፓምፑ ሁለት ጉድጓድ የሚገፋ ያህል ይደክማል። ባለ 63 ሚሊ ሜትር ግን ግማሽ ሜትር እንኳ አይጨምርም።

ሲተከል፦ ፓኔሎቹ ወደ ደቡብ ዞረው 15 ዲግሪ ያህል ያዘንብሉ፤ የምታጠጣው በበጋ ነው፣ ያኔ ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት። ከግራር ጥላ አርቅ፤ በሲሪየስ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ጥላ ቢያርፍ የሦስቱም ኃይል ይወርዳል። ብሬከሩ የዲሲ ይሁን። የቤት ብሬከር ዲሲ ሲቆርጥ የሚፈጠረውን ብልጭታ ማጥፋት ስለማይችል ቀልጦ እሳት ያስነሣል። በሥራ ላይ እያለ የፓኔል ሶኬት አትንቀል። የፓኔሉን ብረትና ኮንትሮለሩን ከመሬት ሽቦ ጋር አገናኝ፤ መብረቅ ያለበት አገር ነው።

ፓምፑን በማይዝግ ገመድ አንጠልጥል፤ በኤሌክትሪክ ሽቦው ፈጽሞ። 13 ሜትር ላይ ይሁን፤ ከታች 1 ሜትር ለደለሉ ተው። ውሃው ሲያንስ የሚያጠፋው ሴንሰር ከፓምፑ በላይ ግማሽ ሜትር ላይ ይታሰር፤ ያለሱ ደረቅ የሠራ ፓምፕ በአንድ ከሰዓት ይሞታል። ውሃ ውስጥ የሚቀረውን የሽቦ መገጣጠሚያ በፕላስተር ብቻ አትሸፍን፤ በሙቀት የሚኮማተር ውሃ የማያስገባ ሽፋን ይግባበት። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። ሰርጓጅ ሞተር የሚቀዘቅዘው ውሃ በጎኑ ሲያልፍ ነው። በጠባብ ጉድጓድ ይህ በራሱ ይሆናል፤ በ1.5 ሜትር ስፋት ግን ውሃው ከላይ ቀጥታ ወደ መምጠጫው ስለሚገባ ሞተሩ በቆመ ውሃ ውስጥ ይግላል። ባለ 4 ኢንች ፓምፕ ከሆነ ከ125 እስከ 160 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒቪሲ ቱቦ ቆርጠህ አልብሰው፤ ከመምጠጫው በላይ ይዘጋ፣ ታቹ ክፍት ይሁን። ያኔ ውሃው ግድ ከሞተሩ ሥር ተነሥቶ ይወጣል።

የቤንዚን ሞተሩን የመጀመሪያው በጋ እስኪያልፍ አትሽጠው፤ ወንዝ ወይም ቦይ አጠገብ ላለ ጎረቤት ማከራየት ትችላለህ። በዚያ በጋ ያልገዛኸውን ቤንዚን ቁጠር፤ በቀን 2 ሊትር ለ100 ቀን 200 ሊትር ነው፤ ከማደያ ውጪ በእጅህ የከፈልከውን ዋጋ፣ ዘይቱንና ሰልፍ ላይ የዋልክበትን ቀን ጨምረህ ከሶላሩ ዋጋ ጋር አስተያየው። የኤሌክትሪክ መስመር ከእርሻህ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ግን ከመግዛትህ በፊት ቆጣሪ የሚጠይቀውን ወጪ አጣራ፤ የኛ አገር መብራት አብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ስለሆነ እሱም ከቤንዚን መላቀቅ ነው።

የ10 ደቂቃውን ልኬት ስትጨርስ፣ የተነሣውን ሳንቲ ሜትርና ኮንትሮለሩ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ጣለው፤ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት አብረን እናየዋለን።