ቅጠሉን ከመፍጨታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ዘንድሮም ጥቂት ተማሪዎች "ለወባ የሚሆን ተክል መመርመር እንፈልጋለን" ብላችሁ መጥታችኋል። በጣም ደስ ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ብቻ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ሥራው ያስፈልገናል።

ግን ወደ ላብራቶሪ ከመሮጣችሁ በፊት የባህል ሐኪሙ ዘንድ ቁጭ በሉ። የተክሉን ስም ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። ቅጠሉ ነው ሥሩ? እርጥቡ ነው የደረቀው? ይፈላል ወይስ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል?

እኔ በወጣትነቴ አጥፍቻለሁ። አንድ አዛውንት እርጥቡን ቅጠል ወቅጠው፣ ጨምቀው እንደሚያጠጡ በደንብ ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ቅጠሉን ኦቨን ውስጥ አደረቅሁት። ወባ ያስያዝናቸው አይጦች ላይ ምንም ለውጥ አልታየም። "ተክሉ አይሠራም" ብዬ ጻፍኩ። የሞከርኩት ግን የእሳቸውን መድኃኒት አልነበረም። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የቻይናዋ ተመራማሪ ቱ ዩዩም የኛን ጭቁኝ ዘመድ፣ አርቴሚሲያን ሲመረምሩ ውጤቱ አንዴ ጥሩ፣ አንዴ መጥፎ እየሆነ አስቸግሯቸው ነበር። አንድ ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ላይ "ውሃ ውስጥ ነክረህ፣ ጨምቀህ ጠጣ" የሚል አገኙ። ማፍላት የለበትም! ሙቀቱ ይሆናል የሚያበላሸው ብለው በ35 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላው ኤተር በተባለ ፈሳሽ መድኃኒቱን ከቅጠሉ አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1971 ናሙና ቁጥር 191 የአይጦቹን ደም ከፓራሳይት፣ ማለትም ከወባው ተህዋስ፣ አጸዳው። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የወባ ኪኒን፣ ኮአርተም፣ ዘሩ ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቆጠራው ነው። አራት ቀን መድኃኒት ሰጥታችሁ በማግስቱ ከአይጧ ጅራት አንዲት ጠብታ ደም ትወስዳላችሁ። መስታወት ላይ ትስባላችሁ፣ ጊምሳ በተባለው ቀለም ትቀልማላችሁ፣ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ በመቶው ሌንስ ታያላችሁ። በሮዝማው የደም ሴል ውስጥ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት፣ ጫፏ ላይ ቀይ ነጥብ። አንድ ሁለት ሰዓት ስትቆጥሩ ዓይናችሁ ይደክማል። ያቺ ነጥብ ፓራሳይት ናት ወይስ የቀለም ዝቃጭ? ስላይዱ የመድኃኒቱ መሆኑን ካወቃችሁ "ዝቃጭ ናት" ትላላችሁ። ሳታውቁት ነው የምታዳሉት። ስለዚህ ስላይዶቹን ሌላ ሰው በቁጥር ይሰይምላችሁ። ቆጥራችሁ እስክትጨርሱ የትኛው የታወቀው የወባ መድኃኒት የክሎሮኪን፣ የትኛው ተክሉ የሌለበት የባዶው ማሟሚያ፣ የትኛው የተክሉ እንደሆነ አትወቁ።

ደግሞ ፓራሳይቱ በግማሽ ቀነሰ ብላችሁ "መድኃኒት አገኘን" አትበሉ። የምንጠቀምበት ቤርጊ የአይጥ ወባ ነው፣ ሰው አይዝም። በአይጥ ላይ የሠራ ብዙ ነገር ከዚያ አላለፈም። ጉበትና ኩላሊትስ ምን ሆኑ? በተለይ እቤት ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ፣ ቅጠል እያጠጣችሁ አታቆዩት። ገዳዩ የሰው ወባ፣ ፋልሲፓረም፣ ቀን አይሰጥም። በቶሎ ደሙን አስመርምሩት፣ ኪኒኑን ይውሰድ።

ውጤቱ ሲደርስ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ተመልሳችሁ ለባህል ሐኪሙ ንገሯቸው። እውቀቱ የእሳቸው ነው።

ለምክር ስትመጡ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ የማየው የላብራቶሪ ቁጥሩን አይደለም፤ እሳቸው የነገሯችሁን የጻፋችሁበትን ገጽ ነው።