የተቀዳ ጨዋታ እያዩ ተጫዋች ማሠልጠን እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄው፦ ጠያቂያችን የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነው። በሃርድዌርና ኔትወርክ ደረጃ 4 ጨርሶ ሲኦሲ አልፏል፤ ሥራ ግን ገና አላገኘም። ሰፈሩ ባለው ጌም ቤት በፕሌይስቴሽን ኳስ ስሙ ይነሳል። ልጆች የተሸነፉበትን ጨዋታ በቴሌግራም እየላኩ «የት ጋ ነው የተበላሸብኝ?» ይሉታል። አሮጌ ባለ 4 ጊጋ ራም ላፕቶፕና አንድሮይድ ስልክ አለው፤ የራሱ ፕሌይስቴሽን የለውም። «ይሄ ሥራ ይሆናል? ከሆነስ ከየት ልጀምር?» ብሎ ጽፏል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሥራውስ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሪያድ ላይ በተጀመረው የኢስፖርት (የቪዲዮ ጌም ውድድር) የዓለም ዋንጫ የሚሳተፉ ትልልቅ ክለቦች አሠልጣኝና የጨዋታ ተንታኝ ቀጥረው ያሠራሉ። ቱሉ ዲምቱ ተቀምጠህ ግን በወር ደሞዝ የሚወስድህ ክለብ ይመጣል ብለህ እንዳትጠብቅ። ለአንድ ሁለት ዓመት ከሌላ ሥራ ጎን የሚሄድ ገቢ አድርገህ ቁጠረው። ለጥገናና ለኔትወርክ ሥራ ማመልከትህንም አታቋርጥ፤ ያ ሙያህ እዚህም ይጠቅምሃል።

ጎበዝ ተጫዋች መሆንህ ሰው እንዲሰማህ ያደርጋል እንጂ ማንም ለሱ አይከፍልህም። «እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር» የሚል ሰው በየጌም ቤቱ ሞልቷል፤ ከኋላ ቆሞ በነጻ ይናገራል። ገንዘብ የሚያወጣው ሌላ ነው፦ ጎሉ ከመቆጠሩ በፊት የተሠራውን የመጀመሪያውን ስህተት መለየት፣ ያ ስህተት ልማድ መሆኑን በቁጥር ማሳየት፣ ከዚያ ለሳምንት የሚሆን ልምምድ መስጠት።

አንድ ጨዋታ ብቻ ምረጥ። ፊፋ ይባል የነበረው እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ኤፍሲ ሆኗል፤ አዲሱ ቅጂ በየዓመቱ በመስከረም አካባቢ ይወጣል። የሰፈርህ ጌም ቤት አሮጌው ላይ ከቆየና ደንበኛህ ኦንላይን አዲሱን የሚጫወት ከሆነ «ይሄ ሹት ሁሌ ይገባል» ዓይነት ምክር ዋጋ የለውም። የመከላከል ልማድ ግን ከቅጂ ቅጂ ብዙም ስለማይለወጥ ሥራህን እሱ ላይ መሥርት። ዶታ 2 ወይም ካውንተር ስትራይክ የተባሉትን የኮምፒውተር ጨዋታዎች የሚጫወት ከመጣልህ ነገሩ ይለያል፤ እነዚህ ሪፕሌያቸውን (የጨዋታውን ሙሉ መዝገብ) በፋይል ስለሚሰጡ ጨዋታውን በተቃራኒው ቡድን ዓይን ጭምር ማየት ይቻላል። በኳሱ ጨዋታ ግን ያለህ የተቀዳው ስክሪን ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀረጻው ላይ ተጠንቀቅ፤ ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች ሁልጊዜ በራሱ ይይዛል፤ ሼር የምትለዋን ቁልፍ ተጭነህ ታስቀምጠዋለህ። አጋማሹ 6 ደቂቃ የሆነ ጨዋታ ከነፓውዙና ከነጎል ድጋሚ ማሳያው 15 ደቂቃን በቀላሉ ያልፋል፤ ያኔ መጀመሪያው ተቆርጦ ይቀራል። ከሼር ማስተካከያው ገብተህ ርዝመቱን 30 ደቂቃ አድርገው፤ እስከ 60 ይሄዳል። ሼርን ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ የተጫነ ሰው ከዚያች ቅጽበት አዲስ ቀረጻ ይጀምራል፣ የነበረው ይጠፋል፤ ለልጆቹ ንገራቸው። ፍላሽህ በኤክስፋት ወይም በፋት32 ፎርማት የተደረገ ይሁን፤ በኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ፕሌይስቴሽኑ አያውቀውም።

በኮምፒውተር የሚጫወት ደንበኛ ካለህ ኦቢኤስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር በኤምኬቪ ፎርማት እንዲቀዳ አድርግ። በተለመደው ኤምፒ4 እየቀዳ መብራት ከጠፋ ፋይሉ እንዳለ ሊበላሽ ይችላል፤ በኤምኬቪ ከሆነ እስከጠፋበት ሰከንድ ያለው ይተርፋል። የመብራቱን ነገር ለአንተ መንገር አያስፈልግም። በኋላ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ወደ ኤምፒ4 መለወጥ ይቻላል።

በቴሌግራም ሲላክ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርድና ራዳሩ (ስክሪኑ ግርጌ ያለው የሜዳው ትንሽ ካርታ) ላይ ያሉት ነጥቦች አይለዩም። ነጻው ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል። ዳታ የሚያሳስብ ከሆነ ሃንድብሬክ በሚባል ነጻ ሶፍትዌር በሰከንድ 2000 ኪሎቢት አድርገህ ጭመቀው፤ የ15 ደቂቃ ጨዋታ ከድምፁ ጋር 240 ሜጋ አካባቢ ይሆናል። ያንተ ላፕቶፕ ለዚህ ዘገምተኛ ስለሆነ ማታ አስጀምረህ ተኛ። ደንበኛው የሰፈር ልጅ ከሆነማ ፍላሹን ይዘህ ሂድ።

ፋይሉን ከመክፈትህ በፊት ዕቃውን አጣራ። ቴሌቪዥኑ ጌም ሞድ በሚባለው የጨዋታ ማስተካከያ ላይ ካልሆነ ቁልፉ ተጭኖ ስክሪኑ ላይ እስኪታይ ይዘገያል። ማንም ሳይነካው ወደ ጎን የሚስብ ጆይስቲክም አለ። እነዚህን ሳታይ «ፓስህ ይዘገያል» ብትለው የልጁን ሳይሆን የቴሌቪዥኑን ስህተት ነው ያረምከው።

ከዚያ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈትና አንድ ጊዜ ሳታቆም እስከ መጨረሻው እይ። በዚህ ዙር አስተያየት አትጻፍ፤ የቪዲዮውን ሰዓት ብቻ መዝግብ። የጨዋታውን ሰዓት አትመን፦ 45 ደቂቃው በ6 ደቂቃ ስለሚሞላ አንዷ የጨዋታ ደቂቃ በእውነት 8 ሰከንድ ናት፤ «63ኛው ደቂቃ ላይ» ብለህ ከጻፍክ ሁለትና ሦስት ውሳኔ በአንድ መስመር ተቀበረ። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱን ጎልና አደገኛ ሙከራ ቢያንስ 10 ሰከንድ ወደ ኋላ መልሰህ ጀምር። በቪኤልሲ የእንግሊዝኛዋን ኢ ፊደል ስትጫን አንድ አንድ ምስል ይራመዳል፤ በሰከንድ 30 ምስል የተቀዳ ከሆነ እያንዳንዷ እርምጃ 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ናት።

አንድ ጎል ቀርበን እንየው። ውጤቱ 1 ለ 1 ነው። የተቃራኒው የቀኝ ክንፍ እስከ ጎሉ መስመር ገፍቶ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ አጥቂው ከፍጹም ቅጣት ምት መምቻው አካባቢ ብቻውን ቆሞ ያስገባል። ልጁ «ተከላካዩ ቆመ፣ ጌሙ ነው ያገባበኝ» ይላል። 7 ሰከንድ መልሰው። ኳሱ ገና መሐል ሜዳ መስመር ላይ ነው። ልጁ የመሐል ተከላካዩን መርጦ ወደ ክንፉ እያስወጣ ነው፤ በዚያው ቅጽበት የተከላካይ አማካዩ ማንም ሳይመርጠው ወደ ኳሱ ይሮጣል። ይህ አር1 (ሁለተኛ ተከላካይ ወደ ኳሱ የሚጠራው የጆይስቲክ ቁልፍ) ተይዞ ሁለተኛ ሰው እንደተጠራ ይነግርሃል። አንድ ክንፍ ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣ ማለት ነው። አጥቂው በኋላ ብቻውን የቆመበት ቦታ ያ አማካይ ጥሎት የሄደው ነው። ስለዚህ ስህተቱ ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን መሐል ሜዳ ነው የተሠራው። የነበረው አማራጭ አማካዩን ራሱ መርጦ፣ ኤል2 (ፊትን ወደ ኳሱ አዙሮ ቀስ ብሎ የመንቀሳቀሻው ቁልፍ) ይዞ፣ የፓሱን መንገድ እየዘጋ ማፈግፈግና የመሐል ተከላካዩን ከቦታው አለመንካት ነበር።

አሁን ከሌሎች አራት ጨዋታዎቹ ጋር አስተያየው። አንዴ ብቻ ከሆነ እለፈው። ደጋግሞ ከታየ ልማድ ነው፤ ያንን በቁጥር ጻፍ። የሚጠራጠር ተጫዋች ካጋጠመህ ስልክህን ከጎኑ አቁመህ ቴሌቪዥኑም እጁም በአንድ ላይ እንዲታይ አድርገህ አንድ ጨዋታ ቅዳ፤ ጣቱ አር1 ላይ ተጣብቃ ሲያያት ክርክሩ ያልቃል።

ስህተትን ስትመድብ ሦስት ነገር አታደባልቅ፦ አላየም፣ አይቶ ያልሆነውን መረጠ፣ ወይስ ትክክሉን መርጦ እጁ ከዳው። ላላየ ሰው ራዳር የማየት ልማድ ነው የሚሰጠው፤ የመረጣ ችግር ላለበት በቪዲዮ ጥያቄ፤ እጁ ለከዳው በልምምድ ሜዳ ድግግሞሽ። መድኃኒቱ ከተቀያየረ ልጁ ሳምንት ሙሉ ለፍቶ ምንም ለውጥ አያይም፣ አንተም ደንበኛ ታጣለህ። ሌላው ወጥመድ ውጤቱን አውቀህ መፍረድህ ነው። ጎሉን ካየህ በኋላ ሁሉም ነገር ግልጽ ይመስላል። ስለዚህ ልጁ በዚያች ሰከንድ ስክሪኑ ላይ ያልነበረውን ነገር «ማየት ነበረብህ» እንዳትለው። ያሸነፈባቸውንም ጨዋታዎች አስመጣ፤ በዕድል የታለፈ ስህተት እዚያ ተደብቆ ይገኛል። ራሱ ቆራርጦ የሚልክልህን አትቀበል፣ ሙሉውን ጠይቅ።

አብራችሁ ስትቀመጡ ከ30 ደቂቃ አይለፍ። ከሦስት ቁራጭ ቪዲዮ በላይ አትክፈት፤ አንዱ ጥሩ የሠራበት ይሁን። ገና ተሸንፎ ከተነሳ ሰው ጋር አትጀምር፣ ነገ ይደረግ። ቪዲዮውን ውሳኔው ከመወሰኑ በፊት አቁምና «እዚህ ጋ ምን ይታይሃል? ምን ታደርጋለህ?» በለው፤ ከመለሰ በኋላ ብቻ ልቀቀው። ብዙ ጊዜ ትክክሉን ራሱ ይናገራል፤ ከአፉ የወጣውን ደግሞ ካንተ ከሰማው ይልቅ ያስታውሰዋል። መጨረሻ ላይ አንድ የቤት ሥራ ብቻ ስጠው። ለምሳሌ ሳምንቱን ሙሉ ሲከላከል አር1 ክልክል ነው፤ ጣቱ እንዲነቃ ቁልፉ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፍበት። በሳምንቱ ሌላ አምስት ጨዋታ ቅዳና ሁለተኛ ሰው ስንት ጊዜ እንደተጠራ ቁጠር። መጀመሪያ ላይ ጎል ሊበዛበት ስለሚችል ይህን አስቀድመህ ንገረው፤ አለዚያ በሁለተኛው ቀን ወደ ድሮው ይመለሳል።

ዋጋ ስትተምን ጊዜህን ቁጠር። የአንድ ጨዋታ ትንተና የመጀመሪያው ዕይታ 15 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 40፣ መቁረጥ 15፣ ውይይት 30 ነው፤ 100 ደቂቃ ይበላል። በነጠላ ጨዋታ ከመሸጥ ይልቅ የአራት ሳምንት ጥቅል ይሻላል፤ ለውጥ የሚታየው በዚያ ነው፣ ግማሹን በቴሌብር በቅድሚያ ተቀበል። በመጀመሪያው ወር ሁለት ልጆችን በነጻ ያዝና መዝገባቸውን አስቀምጥ፤ ለሚቀጥለው ደንበኛ የምታሳየው እሱን ነው። ደንበኛው ተማሪ ከሆነ ወላጁን ሳታነጋግር ብር አትቀበል። በገንዘብ ተያይዘው ለሚጫወቱ ሰዎች ደግሞ ከአሸናፊው ድርሻ ወስደህ እንዳትሠራ፤ አንዴ በቁማር ስምህ ከተነሳ ወላጅ ልጁን ካንተ ጋር አያስቀምጥም።

ወደፊት ደሞዝ የሚገኝበት በር ምናልባት የእውነተኛው ኳስ ነው። ያው የስህተት ምዝገባ፣ ያው 10 ሰከንድ ወደ ኋላ መመለስ እዚያም ይሠራል። ኪኖቪያ የሚባል ነጻ የዊንዶውስ ሶፍትዌር በቪዲዮ ላይ መስመር ለመሳልና እንቅስቃሴ ለማዘግየት ይሆናል። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ ከሚሠራ የታዳጊ ቡድን አሠልጣኝ ጋር ተነጋግረህ የሁለት ጨዋታ ትንተና ሥራለት። ሲቪህ ላይ «ጌም እወዳለሁ» ሳይሆን ስንት ጨዋታ እንደመዘገብክና የተጫዋቹ ስህተት ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ ጻፍ።

በዚህ ሳምንት ግን የሚቀድመው የጌም ቤቱ ባለቤት ነው፤ ያለሱ ፈቃድ ቀረጻ የለም። ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ረፋድ ላይ ግባና እንዲህ በለው፦ «ጋሼ፣ የፕሌይስቴሽኖቹን አቧራ በየወሩ እጠርጋለሁ፣ የሚስቡትንም ጆይስቲኮች አስተካክላለሁ፤ የዕቃውን ዋጋ እርስዎ ይችላሉ፣ የእጄን አልጠይቅም። በምትኩ በሳምንት ሁለት ቀን አንዱ ቴሌቪዥን ላይ ልጆቹ ሲጫወቱ በፍላሽ ልቅዳ።»