«መጨረሻው ስንት ነው?»፦ ያገለገለ ዕቃ ስለመሸጥ ጥያቄና መልስ

ያገለገለ ካሜራና ሌንስ በኦንላይን ስሸጥ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝና ጠይቁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ዕቃውን ላላየ ሰው የመጨረሻ ዋጋ አይነገርም።

ጋሼ፣ ገና ፖስት ከማድረጌ ግማሽ ዋጋ የሚጠራ ይመጣል። ልስደበው ወይስ ዝም ልበል?

ሁለቱም አይጠቅምህም። አንዳንዱ መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ያንኑ መልእክት ለብዙ ሰው ይበትንና የቸገረው አንድ ሻጭ እስኪገኝ ይጠብቃል። ስላንተ ዕቃ ክፉ እያሰበ አይደለም። «በዚህ አልሸጥም፤ ማየት ከፈለግክ ቅዳሜ አለሁ» በለውና እለፍ።

ወጥመዱ ሌላ ነው። አንተ 100 ብለህ እሱ 50 ሲልህ «እሺ 75» ካልክ ድርድሩን የመራው እሱ ነው። ትቨርስኪና ካህነማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ አንድ ሙከራ አለ። ቁጥር ያለበት ጎማ በሰዎች ፊት ያሽከረክራሉ። ከዚያ በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ጎማው 10 ላይ የቆመላቸው መካከለኛ ግምታቸው 25 ሆነ፤ 65 ላይ የቆመላቸው 45። ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ ጎማ እንዲህ ከጎተተ፣ ስለ ራስህ ዕቃ የተጠራ ቁጥርማ! ስለዚህ ለግማሽ ዋጋ በቁጥር አትመልስ።

ስልክ ልሸጥ ነው፤ ስንት ያወጣል?

የቱ ስልክ? ስንት ዓመት አገለገለ? ባትሪውስ? ጠንቋይ አይደለሁም።

ክብ ቁጥር (እንደ 1000) ልጻፍ ወይስ የተቆራረጠ (እንደ 985)?

ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! በ2019 እ.ኤ.አ. ኢቤይ በተባለው የኦንላይን ገበያ ላይ ተሠርቶ በታተመ ጥናት፣ ልክ በመቶ ዶላር ብዜት (100፣ 200፣ 300…) የተለጠፈ ዕቃ በአቅራቢያው ባለ የተቆራረጠ ዋጋ ከተለጠፈው ይልቅ ከ5 እስከ 8 በመቶ ዝቅ ያለ ዋጋ ከገዢ ይጠራበታል። ግን የገዢው ዋጋ ከ6 እስከ 11 ቀን ቀድሞ ይደርሳል። ክብ ቁጥር «ቸኩያለሁ» ይላል ማለት ነው። የምር ከቸኮልክ ክብ ጻፍ። ካልቸኮልክ 1000ን ተውና 985 በል። እኔ ሌንስ ስሸጥ ሁሌም እንዲህ ነው።

— ምን አስጨነቃችሁ? 30 በመቶ ጨምሮ መለጠፍ፣ ከዚያ መቀነስ ነው።
— እኔ «ዋጋ አይቀነስም» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሰላም ነው።
— ሰላምማ ነው፤ ማንም አይደውልልህ!

ተው እንጂ፣ አትነካከሱ። 30 በመቶ ከጨመርክ ዋጋ የሚያውቀው ገዢ ሳይጽፍልህ ያልፋል፤ የሚቀርህ ያው ግማሽ ጠሪው ነው። ትንሽ ጨምር። ከስንት በታች እንደማትሸጥ ሳትለጥፍ በፊት ወረቀት ላይ ጻፈው።

ለልብስ ማጠቢያ ማሽንም ይሠራል?

እሱን የሚያውቅ ጠይቂ።

«ከፍያለሁ» ብሎ ስክሪንሾት ላከልኝ። «የመጣልህን ኮድ ንገረኝ» ይላል።

ኮድ ለማንም አይነገርም! ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። ሂሳብህን ራስህ ከፍተህ ካላየህ ዕቃው ከእጅህ አይውጣ።

«መጨረሻው ስንት ነው?» ለሚለኝ ምን ልበል?

መግቢያውን አንብቢ።

መጥቶ ካየ በኋላ ጉድለት እያወጣ ቢያስቀንሰኝስ?

ጉድለቱን አንተ ቅደመው። አንዱ ገዢ ሌንሴን በስልኩ መብራት እያገላበጠ ጠርዙ ላይ ጭረት አገኘና ፊቱ በራ። «ሦስተኛው ፎቶ ላይ አለ፤ ዋጋው ያንን አይቶ ነው» አልኩት። መብራቱን አጠፋ። ከዚያ ለመጣበት ብዬ አንዴ፣ ትንሽ ቀነስኩለት። ሁለተኛ ሲጠይቅ ሌንሱን ወደ ቦርሳው መለስኩት። በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰና ከፈለ።

ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ግን «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚል ሰው…

ደህና እደሩ።