ዚፑ ንጹህ ነው፣ አንቲቫይረሱ ግን «ቫይረስ አለው» ይላል

ወንድሜ፣ ችግርህ ገብቶኛል። ተጫራቾች ሰነዳቸውን በዚፕ ድረ ገጻችሁ ላይ ይጭናሉ፣ ክላምኤቪ የሚባለው አንቲቫይረሳችሁ አንዳንዱን ንጹህ ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ይጥለዋል፣ አለቃህ ደግሞ «ስካኑን አጥፋውና እንገላገል» ብሎሃል። አታጥፋው። በፍጹም።

መጀመሪያ ድረ ገጹ ስካኑን የሚጠራበትን ኮድ እይልኝ። ክላምስካን (የክላምኤቪ መፈተሻ ትዕዛዝ) ሲጨርስ 0 ከመለሰ ምንም አላገኘም፣ 1 ከሆነ አግኝቷል፣ 2 ከሆነ ግን ራሱ ስካኑ ተበላሽቷል። ብዙ ፕሮግራመር ከ0 ውጭ ያለውን ሁሉ ቫይረስ አድርጎ ይጽፈዋል። እንዲህ የተጻፈ ኮድ ደጋግሞ አጋጥሞኛል።

እሱ ደህና ከሆነ ሎጉን (የስካኑን መዝገብ) ክፈትና የተገኘውን ነገር ስም አንብብ። «ሂዩሪስቲክስ ኢንክሪፕትድ ዚፕ» ካለ ቫይረስ አላገኘም፤ ዚፑ በፓስወርድ ስለተቆለፈ ውስጡን ማየት አልቻልኩም ነው የሚልህ። ላኪው ፓስወርዱን አንስቶ ይላክ። «ሊሚትስ ኤክሲድድ» ካለ ደግሞ ከገደብ አልፏል፣ ወይ ገዝፏል ወይ ዚፕ በዚፕ ውስጥ ተደራርቧል። ገደቡን ዝም ብለህ አታንሳ። 42 ኪሎባይት ብቻ የሆነች አንዲት የታወቀች ዚፕ አለች፣ እስከ መጨረሻው ስትፈታ ከ4 ፔታባይት በላይ ትሆናለች።

የቫይረስ ስም ከሰጠህ ዚፑን ለብቻው በተገለለ ማሽን ላይ ፍታና የትኛው ፋይል እንደሆነ ለይ። ብዙ ጊዜ ማክሮ (በፋይሉ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ያለበት አንድ ኤክሴል ሆኖ ታገኘዋለህ። እዚህ ጋ ግን አደራ! ፋይሉን ቫይረስቶታል በሚባለው የፋይል መፈተሻ ድረ ገጽ ላይ እንዳትጭነው። እዚያ የተጫነ ነገር ለሌሎች የደህንነት ድርጅቶች ይደርሳል፣ የሰው የጨረታ ዋጋ ደግሞ በእጅህ ያለ አደራ ነው። የሻ256 ሃሹን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር) ብቻ አውጥተህ እዚያ ፈልግ። ሃሹ ካልተገኘ ግን ንጹህ ነው ማለት አይደለም፤ ላኪውን ደውለህ ጠይቅ።

ንጹህ መሆኑን ስታረጋግጥ የዚያን ፋይል ሻ256 ሃሽ ብቻ በክላምኤቪ ኤስኤፍፒ (.sfp) ፋይል፣ ማለትም «ይህን እለፈው» በሚባልበት ዝርዝር ውስጥ አስገባ። ሲግኒቸሩን (ቫይረሱ የሚለይበትን ምልክት) በአይጂኤን2 (.ign2) ፋይል ማጥፋትም ይቻላል፣ ግን ያኔ እውነተኛው ቫይረስም አብሮ ያልፋል። በሎጉ ላይ ያነበብከው የቫይረስ ስም መጨረሻ ላይ «አንኦፊሻል» ካለበት የመጣው ከሌላ አካል ዳታቤዝ ነው፣ ስህተቱንም ለእነሱ አሳውቅ። ከሌለበት ለክላምኤቪ ላክ፣ እርማቱ ሲመጣ ያስገባኸውን መስመር ሰርዝ።

እስከዚያው የተጠረጠረውን ፋይል አትጣለው፤ ለብቻው አስቀምጠህ የገባበትን ሰዓት መዝግብ። ጨረታው 8 ሰዓት ላይ ከተዘጋ፣ 7:50 የላከ ሰው በስካነር ስህተት መውደቅ የለበትም።